አልጋ፣ ስፌት፣ ወለል፣ ጓዳ፦ የቤታችን ተባዮች የት ይኖራሉ?

ገበያ መሃል መድኃኒት ከሚሸጥበት ጥግ ጥቂት ለቆመ ሰው የገዢዎች ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «የተባይ መድኃኒት አለ?» ምን ዓይነት ተባይ እንደሆነ ጠያቂው አይናገርም፤ ሻጩም አይጠይቅም። በወረቀት የተጠቀለለ ዱቄት ወይም ስም ያልተጻፈበት ጠርሙስ ይሸጣል፣ ማታ ክፍሉ ይነፋል፣ ከሳምንት በኋላ ማሳከኩ ይመለሳል። ችግሩ የሚጀምረው ትኋኑንም ቁንጫውንም ቅማሉንም በረሮውንም በአንድ ስም ከመጥራት ይመስለኛል። ሁሉም ቤታችንን ይጋራሉ፤ ማደሪያቸው ግን ለየቅል ነው። አንዱ አልጋ ውስጥ፣ ሌላው ልብስ ስፌት ውስጥ፣ ሌላው ወለል ስንጥቅ ውስጥ፣ ሌላው ቧንቧ ሥር ይኖራል። ማደሪያውን ያላወቀ ሰው የሚረጨው ተባዩ በሌለበት ነው።

ከትኋን እንጀምር። ብዙ ሰው ትኋን መኖሩን የሚወስነው ቆዳው ላይ ባየው እብጠት ነው፤ የንክሻ ምልክት ግን የሚታመን ምስክር አይደለም። በአንድ አልጋ ከሚያድሩ ባልና ሚስት ሁለቱም ተነክሰው ሳለ አንዱ ገላው ተዥጎርጉሮ ሲነሳ ሌላው ምንም ላይታይበት ይችላል። መመርመር ያለበት አልጋው ነው። ፍራሹን አቁመው የጠርዙን ስፌት በአውራ ጣት ገለጥ ገለጥ እያደረጉ በባትሪ ይመልከቱት። በብዕር ጫፍ የተነካካ የሚመስል ጥቁር ነጥብ ካዩ የትኋን ኩስ ነው፤ በእርጥብ ጨርቅ ሲታሽ ቡናማ ሆኖ ይለቃል። አጠገቡ ቢጫማ ባዶ ቆዳ ይገኛል፤ ትኋን ከተፈለፈለ ጀምሮ እስኪያድግ 5 ጊዜ ቆዳውን ይጥላልና። እንቁላሉ ነጭ፣ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ከእንጨቱ ጋር ይጣበቃል። ያደገው ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ ጠፍጣፋና ቡናማ ነው፤ ደም ሲጠግብ ያብጥና ይቀላል። አይበርም፣ አይዘልም።

ትኋን ለሰው በሽታ ማስተላለፉ አልተረጋገጠም። የሚነሳው እንቅልፍ ነው፤ ኀፍረትም ያስከትላል። ኀፍረቱ ደግሞ ሰው እንዲደብቀው፣ ሲደብቀውም እንዲራባ ያደርጋል። ሊያሳፍር የሚገባው ነገር ግን የለም፤ ትኋን የሚፈልገው የተኛ ሰው እንጂ ቆሻሻ ቤት አይደለም። በሻንጣ፣ በአሮጌ ሶፋ፣ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ይጓዛል። እ.ኤ.አ. በ2023 ፓሪስ በትኋን ወሬ ታምሳ ነበር። ኒው ዮርክ ከ2010 ጀምሮ አከራይ ያለፈውን ዓመት የትኋን ታሪክ ለአዲስ ተከራይ በጽሑፍ እንዲያሳውቅ በሕግ ታስገድዳለች፤ እዚያ ቤት የሚከራዩ ወገኖቻችን ወረቀቱን መጠየቅ መብታቸው ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዲዲቲ ትኋንን ከብዙ አገር ያጠፋው መስሎ ነበር፤ ትኋኑ ግን ብዙም ሳይቆይ ተላመደው። በዛሬው ፍሊት ውስጥ ያሉትን ፓይሬትሮይድ የሚባሉ ኬሚካሎችም በብዙ ቦታ ተላምዷቸዋል። ያልለመደው ሙቀትን ነው። እናቶቻችን ጠፍር አልጋውን ደጅ አውጥተው በየቀዳዳው የፈላ ውሃ ሲያፈሱበት ትክክል ነበሩ፤ ትኋኑም እንቁላሉም ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት አይችሉም። ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻውን አይበቃም፤ የፍራሹ ውስጥ ሳይሞቅ ትኋኑ ወደ ጥላው ይዞራል። አንሶላና ብርድ ልብስ በ60 ዲግሪ ውሃ ማጠብ፣ የአልጋውንና የግድግዳውን ስንጥቅ መድፈን፣ አልጋውን ከግድግዳ ማራቅ፣ ከዚያም የቀረው እንቁላል ተፈልፍሎ ሳያድግ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁሉንም መድገም ያስፈልጋል። ክፍሉን ዘግቶ መክረም አያዋጣም፤ ትኋን ሳይበላ ለወራት ይቆያል።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን የልብስ ቅማል ነው። ትኋን ቢያሰቃይ ቅማል ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ1909 ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ኒኮል ቱኒስ በሚገኝ ሆስፒታል ውስጥ አንድ ነገር አስተዋለ። የታይፈስ ሕመምተኞች ደጅ ላይ የሚቀበሏቸውን ሰዎችና ልብሳቸውን የሚያጥቡትን ሁሉ ያስይዛሉ፤ ገላቸውን ታጥበው የሆስፒታል ልብስ ከለበሱ በኋላ ግን አጠገባቸው የሚተኛውን እንኳ አያስይዙም። በሽታው ያለው አውልቀውት በመጡት ልብስ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ኒኮል አስተላላፊው የልብስ ቅማል መሆኑን በሙከራ አረጋግጦ በ1928 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። የታይፈስን ክትባት ከቅማል አንጀት የሠራው ፖላንዳዊው ሩዶልፍ ቫይግልም በ1939 ለዚሁ በሽታ ኢትዮጵያ ድረስ መጥቷል።

ይኸው ቅማል እየተመላለሰ የሚያገረሽ ትኩሳትም ያስተላልፋል። ከአብዛኛው ዓለም የጠፋው ይህ በሽታ እኛ ዘንድ ዛሬም አለ፤ በተለይ በክረምት፣ ልብስ መቀየሪያ የሌላቸው የቀን ሠራተኞችና የጎዳና ነዋሪዎች ብርዱን ሸሽተው ተጠጋግተው በሚያድሩበት ወቅት። እ.ኤ.አ. በ2015 ከአፍሪካ ቀንድ ወደ አውሮፓ በተሰደዱ ወጣቶች ላይም ታይቷል። መተላለፊያው በደንብ መታወቅ አለበት፦ ተህዋሱ ያለው በቅማሉ ሰውነት ውስጥ ስለሆነ ቅማሉ ሲፈነዳ ነው በተቧጨረ ቆዳ የሚገባው። ስለዚህ ቅማልን በጥፍር መፍጨት ልንተወው የሚገባ ልማድ ነው። የልብስ ቅማል እንቁላሉን የሚጥለው ስፌት ላይ ነው፤ ገላ ላይ የሚወጣው ለመብላት ብቻ ነው። መድኃኒቱም ልብሱ ላይ ነው፦ መቀቀል፣ ስፌቱን በጋለ ካውያ መተኮስ፣ ይህ ካልተቻለ በፌስታል አጥብቆ አስሮ 2 ሳምንት ማቆየት። ትኩሳት የያዘው ሰው ግን ጤና ተቋም ይሂድ፤ የበሽታው መድኃኒት በተጀመረ በሰዓታት ውስጥ ሕመሙ ለጊዜው ሊብስ ስለሚችል ከቤት የሚዋጥ አይደለም። የራስ ቅማል ከዚህ ይለያል፤ ፀጉር ውስጥ ይኖራል፣ እነዚህን በሽታዎች በማስተላለፍ አይታወቅም፣ በጥርሰ ቀጭን ማበጠሪያ በትዕግሥት ይለቀማል።

ሌሊት የሚብስ፣ በጣቶች መሃል የሚጀምር ማሳከክ ካለና ምንም ተባይ ካልተገኘ እከክን መጠርጠር ነው። የእከክ ተህዋስ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ ስለማይሞላ በዓይን አይለይም። መላው ቤተሰብ በአንድ ቀን ካልታከመ እርስ በርስ ይመላለሳል።

ወደ ወለሉ እንውረድ። ቁንጫ እንዳለ ለማወቅ ነጭ ካልሲ እስከ ጉልበት አጥልቆ በክፍሉ ውስጥ መመላለስ ይበቃል፤ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣበታል፣ ሊይዙት ሲሉ ይዘላል። የምናየው ያደገው ብቻ ነው። እጩ በወለል ስንጥቅ፣ በምንጣፍ ሥርና ውሻ በሚተኛበት ጨርቅ ውስጥ ትል ሆኖ ያድጋል፤ ከዚያም ድር ለብሶ እርምጃ እስኪሰማ ድረስ ሊጠብቅ ይችላል። ለወራት ተዘግቶ የነበረ ቤት በገቡበት ቀን ቁንጫ የሚወረው ለዚህ ነው። አጥብቆ መጥረግ፣ ጥራጊውን ማቃጠል፣ የውሻውንና የድመቱን መተኛ በፈላ ውሃ ማጠብና እንስሳቱን ማሳከም ከማንኛውም ርጭት ይቀድማል።

ሙጀሌም የቁንጫ ወገን ነው፤ ሴቷ እግር ቆዳ ውስጥ ገብታ አተር እስክታህል ታብጣለች፣ መሃሏ ላይ ጥቁር ነጥብ ይታያል። የአፍሪካ ተወላጅ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1872 ከብራዚል በመጣ መርከብ አንጎላ ገብታ ምዕተ ዓመቱ ሳያልቅ አህጉሩን አቋርጣለች። ሙጀሌ ከምታደርሰው ጉዳት ይልቅ የምታወጣት መርፌ የምታደርሰው ሊብስ ይችላል፤ አንድ መርፌ ሰፈር ሲዞር መንጋጋ ቆልፍና ሌላም በሽታ ያዞራል።

በኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ጠላት በረሮ ነው። ሌሊት የጓዳውን መብራት ድንገት ያብሩና ይዩ። ከአንገቱ በታች ሁለት ጥቁር መስመር ያለው፣ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ትንሽ የሚበልጠው ቀላ ያለ በረሮ ቤት ውስጥ የሚራባው ነው። ሴቷ ከ30 እስከ 40 እንቁላል የያዘች ከረጢት ከጅራቷ አንጠልጥላ ትዞራለች፤ ከረጢቱን የምትጥለው ሊፈለፈል ሲል ነው። ጣት የሚያህለው ቀይ በረሮ ደግሞ ከፍሳሽ መስመር ይወጣል፤ ለእሱ የመታጠቢያ ቤቱን ቀዳዳ በወንፊት መዝጋት ብዙ ያግዛል። ለትንሹ ፍሊት ብቻውን አያዋጣም፤ ፊት ለፊት ያገኘውን ይገድልና የቀሩትን ወደ ጎረቤት ይበትናል። የሚሻለው ዕቃ ማጠቢያ ሥርና ፍሪጅ ጀርባ በነጥብ በነጥብ የሚቀመጥ የጄል ማጥመጃ ነው፤ በልቶት የሄደው ጎሬው ውስጥ ሲሞት ሌሎቹም ከሬሳውና ከኩሱ ይመረዛሉ። ማጥመጃው ባለበት ፍሊት አይነፋም፣ በረሮው ይሸሸዋልና። ቧንቧው የጋራ ስለሆነ አንድ ብሎክ በአንድ ቀን ካልተስማማ ሥራው ከንቱ ነው።

ጉንዳን መንገዱን በጠረን ስለሚመራ መስመሩን በሳሙና ውሃ መጥረግና የገባበትን ቀዳዳ መድፈን ይበቃል። ገብረ ጉንዳን ግን ሌላ ነው፤ ሠራዊቱ ቤት ከገባ ሕፃኑን፣ ዶሮውንና የታሰረ እንስሳ ካለ እሱን አውጥቶ መንገድ መልቀቅ ይሻላል። በረሮውንም ሸረሪቱንም ለቃቅሞ ይሄዳል። ወደ ጓዳው እህል ስንመጣ፣ ጤፍን ነቀዝ እምብዛም አይደፍረውም፤ በቆሎና ባቄላ ግን አየር በማያስገባ ከረጢት ይቀመጡ።

ለእህል ጎተራ የሚሸጠው ክኒን፣ አሉሚኒየም ፎስፋይድ፣ መኖሪያ ቤት ውስጥ ጨርሶ መግባት የለበትም። እርጥበት ሲያገኝ የሚያወጣው ጋዝ በግድግዳ ስንጥቅ አልፎ ጎረቤት ይገድላል፤ በገልፍ አገሮች ለትኋን ተብሎ በአንድ ክፍል በተቀመጠ ክኒን በሌላ ክፍል የተኙ ሕፃናት ሞተዋል፤ ማርከሻም የለውም። ማላታይን የሚባለው ፀረ ተባይም ልጅ ራስ ላይ ወይም ፍራሽ ላይ አይነስነስ። ተነስንሶ ላብ፣ ለሃጭ፣ ማስመለስ ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ የተመረዘውን ሰው ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ የነካውን ልብስ ማውለቅ፣ ገላውን በሳሙና ማጠብና ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው፤ የመድኃኒቱን ጠርሙስ ወይም መጠቅለያ ይዞ መሄድ ሐኪሙን በጣም ይረዳል።