የእጭ ምግብና የእጭ ሰፈራ፦ የቡሬ በቆሎና የወባ ትንኝ

የወባ ትንኝ እጭ ምግብ ፍለጋ ርቃ አትሄድም፤ እናቷ እንቁላሏን በጣለችበት ኩሬ ላይ ተንሳፍፋ ነፋስና ውኃ ያመጡላትን ትመገባለች። ስለዚህ የት ሰፈረች የሚለው ጥያቄ ምን ትበላለች ከሚለው አይለይም። በምዕራብ ጎጃም፣ በቡሬ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1998 ወባ በወረርሽኝ መልክ ከተነሣ ወዲህ ይህ ጥያቄ የሰው ሕይወት ጉዳይ ሆኗል።

እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ የአኖፊለስ አረቢየንሲስ እጮች የበቆሎ አበባ ብናኝ በብዛት በሚወድቅበት ውኃ ውስጥ ሲያድጉ ወደ ፑፓነት የሚደርሱት ብዙ ናቸው፤ የሚወጡትም ትንኞች ትልልቅ ናቸው። በ2005 አስናቀው ከበደና ባልደረቦቹ በቡሬ መንደሮች ባደረጉት ንጽጽር ደግሞ፣ በቆሎ በብዛት በሚመረትባቸው ስፍራዎች የወባ ክስተት አነስተኛ ከሚመረትባቸው 9.5 ጊዜ በልጦ ተገኝቷል። ይህ አኃዝ ብቻውን በቆሎን ጥፋተኛ አያደርግም፤ በቆሎ የሚስማማው ሞቃት ቆላ ለትንኝም ይስማማልና። ክብደት የሚያገኘው ከእጮቹ ሙከራ ጋር ሲነበብ ነው። የታሪክ ምሁሩ ጄምስ ማካን ትኩረት የሰጡት ለወቅቱ ነው፦ ዘግይቶ የሚደርሰው ቢ.ኤች. 660 የተባለው ድቅል ዝርያ ብናኙን የሚያራግፈው ዝናቡ ሲቀንስ፣ ኩሬዎች ሲረጉና አየሩ ሲሞቅ ነው። በአንጻሩ በሳሪስ ጓሮዎች የሚበቅል በቆሎ ይህን ያህል አያሰጋም፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ያለው ቅዝቃዜ የወባ ተሕዋስያንን እድገት ይገታልና።

ስፍራውን የሚመርጠው ማን ነው? ፌስቲላ በተባለችው ዛጎል አልባ የባሕር ቀንድ አውጣ ዘንድ መራጯ እጯ ራሷ ናት። ምግቧ ከሆነው ኮራል ወደ ውኃው የሚሟሟው ኬሚካል ሲደርሳት መዋኘት አቁማ ትሰጥማለች፤ ሰፍራም ቅርጿን ትለውጣለች። በትንኝ ግን መራጯ እናት ናት። ቤተልሔም ወንድወሰንና ባልደረቦቿ በ2017 እንዳሳዩት፣ እንቁላል የያዘች አረቢየንሲስ በበቆሎ ብናኝ ሽታ ትሳባለች፤ እንቁላሏንም ወደዚያው ትጥላለች። ሽታው በቤተ ሙከራ ተቀምሞ ሲቀርብም ያው ሆኗል።

የብናኙ ጥቅም በእጭነት ብቻ እንዳያበቃ ማስተዋል ይገባል። ተሕዋሱ በትንኟ አካል ውስጥ ለመብሰል ከሳምንት በላይ ስለሚፈልግ፣ በሚገባ ተመግባ ያደገች ትንኝ ረዘም ላለ ጊዜ ከኖረች በሽታውን የማስተላለፍ ዕድሏም ይሰፋል። የቡሬ ገበሬ በቆሎን ይተው ማለት አይቻልም። ሊነካ የሚችለው ከማሳው ጥግ፣ ለቤት ምርጊት ጭቃ ተቆፍሮ ውኃ የቋጠረው ጉድጓድ ነው፤ የተቀመመው ሽታም ለትንኝ ወጥመድ ማባበያነት ሊታሰብ ይችላል።