ከውጫሌ ውል እስከ ተማሪው ፕሮፖዛል፦ ለሰላም ሥራ የገንዘብ ድጋፍ ስለ መጠየቅ



የዛሬው ንግግሬ ተማሪዎች በሐይቅና በአምባሰል ለሚያካሂዱት የሰላም ግንባታ ሥራ የገንዘብ ድጋፍ እንዴት ሊጠይቁ እንደሚገባ የሚመለከት ነው። ነገሩን ከዚሁ አካባቢ ታሪክ ልጀምር። ከሐይቅ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በውጫሌ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኢጣሊያ መካከል 20 አንቀጾች ያሉት ውል ተፈረመ። የ17ኛው አንቀጽ አማርኛ፣ ዐፄ ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አጋዥነት መጠቀም እንደሚችሉ ይገልጻል፤ የኢጣልያንኛው ቅጂ ግን ይህንኑ ግዴታ አደረገው። ልዩነቱ በመጨረሻ ወደ ዐድዋ አመራ።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ለሰላም ሥራ የሚጻፍ ፕሮፖዛልም በሁለት ቋንቋ የሚነገር ውል ነው፤ በእንግሊዝኛ ለገንዘብ ሰጪው፣ በአማርኛ ለቀበሌው ሕዝብ። ሁለቱ ካልተስማሙ ለዕርቅ የታሰበው ሥራ ራሱ የጠብ መነሻ ይሆናል።

ከራሴ ስሕተት ላስረዳ። የማማክራቸው ተማሪዎች ያዘጋጁትን አንድ ፕሮፖዛል አርሜ አሳለፍሁ። እንግሊዝኛው በግጭት ለተጎዱ ወጣቶች የውይይት መድረክ እንደሚዘጋጅ ይናገራል። በአምባሰል በአንድ ቀበሌ የተሰማው ግን ለተጎዱ ወጣቶች እርዳታ መጣ የሚል ነበር። ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. አካባቢውን ካዳረሰ ወዲህ ስም የሚመዘግብ ሰው ሲመጣ ሕዝቡ እርዳታ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ያልተመዘገቡት በተመዘገቡት ላይ ቂም ያዙ። በሦስተኛው ስብሰባ አንድ አዛውንት፣ ሳይጣሉ መጥተን እንዳጣላናቸው በትሕትና ነገሩን። ጽሑፉን አስቀድመን በአማርኛ አንብበንላቸው ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ያርሙን ነበር።

ወደ ገንዘቡ ምንጭ ልለፍ። ካትሪን ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ2007 የ100ኛ ዓመት ልደታቸውን ምክንያት በማድረግ ያቋቋሙት የሰላም ፕሮጀክቶች መርሐ ግብር ለእያንዳንዱ የተመረጠ ፕሮጀክት 10,000 ዶላር ይሰጣል። ማመልከቻው በተባባሪ ኮሌጆች በኩል ስለሚቀርብ፣ ዕድሉ በአብዛኛው የሚደርሰው በውጭ አገር ለሚማሩ ልጆቻችን ነው። በአገር ውስጥ ያለ ተማሪ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ አገልግሎት ክፍል ይጀምር።

የውጭው ተማሪ የሚያርፍበት ወቅት ለእኛ ገበሬ ክረምት መሆኑን አትዘንጉ። የእርሻና የአረም ሥራ በሚበዛበት በሐምሌ የአምስት ቀን ሥልጠና የሚያቅድ ፕሮፖዛል ለወረቀት ያምራል፤ ለገበሬው ግን አይሆንም። ስብሰባውን አሳጥሩ፤ ከበዓልና ከገበያ ቀን ጋር አስማሙት።

ከሁሉ በላይ በቦታው ያለውን የዕርቅ ሥርዓት እወቁ። በወሎ አበጋሮች ደም የተቃቡ ቤተሰቦችን ያስታርቃሉ፤ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድነት ይቀመጣሉ፤ ቡና ይፈላል፤ ዱዓና ምርቃት ይደረጋል። ደም ማድረቅ የሚባለው ይህ ሥርዓት የሚጸናው ሕዝቡ ሽማግሌውን ስለሚያምነው ነው። ስለዚህ «የግጭት አፈታት ሥልጠና ለሽማግሌዎች» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ አስተማሪዎቹን ሊያስተምር መነሣቱን ልብ ይበል። በበጀቱም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቡናውን፣ የመጓጓዣውንና የመስተንግዶውን ወጪ መሸፈን ተገቢ ነው፤ ለአስታራቂው የቀን አበል መቁረጥ ግን፣ በእኔ እምነት፣ ማን ከፈለው የሚል ጥርጣሬን ያመጣል። አስታራቂ ደግሞ ከተጠረጠረ ቃሉ አይሰማም።

እንግዲህ ማመልከቻችሁን ከማስገባታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን መልሱ። ችግሩ ችግር መሆኑን የነገራችሁ ማን ነው? ዛሬ ያለ እናንተ የሚያስታርቀው ማን ነው? ገንዘቡ ሲያልቅ ሥራውን የሚቀጥለው ማን ነው? መልሶቹ የሰው ስም ከሌላቸው ፕሮፖዛሉ ገና አልደረሰም።

ከዚያም የአማርኛውን ቅጂ ይዛችሁ ወደ ቀበሌው ሂዱ። ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ወጣቶች ባሉበት ከነበጀቱ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡት፤ ምን እንደተረዱም መልሰው እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። እነርሱ የሚነግሯችሁና እንግሊዝኛው የሚለው ከተለያዩ፣ የሚታረመው እንግሊዝኛው ነው። የማስገቢያው ቀን ቢያልፍባችሁ እንኳ ሌላ ዓመት አለ፤ ያጣላችሁትን ቀበሌ ለማስታረቅ ግን ማንም ድጋፍ አይሰጣችሁም።