ጢስ በመንገድ ላይ

ሰደድ እሳት ሲነሣ የሰው ዓይን የሚያተኩረው በነበልባሉ ላይ ነው። ጫካውን የሚበላው፣ ቤቱንና ከብቱን የሚያሰጋው እርሱ ስለሆነ ይህ የሚያስደንቅ አይደለም። ይሁን እንጂ እሳቱ ካለበት ስፍራ ርቆ በገጠር መንገድ ላይ መኪና ለሚነዳ ሰው ከነበልባሉ ይልቅ የሚያስፈራው ጢሱ ነው። ነበልባል ከሩቅ ይታያል፤ ጢስ ግን በጨለማ ራሱም አይታይ፣ ሌላውንም አያሳይ።

ለመሆኑ ጢስ ይህን ያህል ኃይል የሚያገኘው ከየት ነው? ቀን ፀሐይ ምድርን ስታሞቅ ጢሱ ከሞቃቱ አየር ጋር ወደ ላይ ወጥቶ ይበተናል። ሌሊት ግን ምድር ትቀዘቅዛለች፤ መሬቱን ተጠግቶ ያለው አየርም አብሮ ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ በመሆኑ ጢሱን እንደ ያዘ ልክ እንደ ውኃ ቁልቁል እየፈሰሰ በሸለቆና በረባዳ ቦታ ይተኛል። በዚህ ላይ ነበልባሉ ከጠፋ በኋላ የሚጨሰው እርጥብ ሣር፣ ቅጠልና ጉቶ ብዙ እንፋሎት ያወጣል። እንፋሎቱ ከቀዝቃዛው የሌሊት አየር ጋር ሲገናኝ፣ በጢሱ ውስጥ በሚገኙት ደቃቅ ብናኞች ላይ እየተጠራቀመ ወደ ጥቃቅን የውኃ ጠብታዎች ይለወጣል። ጢስና ጉም በዚህ ሁኔታ ሲዋሐዱ፣ ሰው ከፊቱ ከሦስት ሜትር በላይ ማየት የሚሳነው ጊዜ አለ።

የአደጋውን ክብደት በስሌት መረዳት ይቻላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ያህል ይሄዳል። ነጂው እንቅፋቱን አይቶ እግሩን ከቤንዚን መስጫው ወደ ፍሬኑ እስኪያዛውር አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅበት፣ ፍሬኑ ሥራውን ሳይጀምር መኪናው 33 ሜትር ተጉዟል። እንግዲህ ሦስት ሜትር ብቻ የሚያይ ሰው ፍሬን ለመያዝ ሲያስብ ግጭቱ ደርሷል ማለት ነው።

ይህም በተግባር የታየ ነው። በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳ ግዛት፣ በጌይንስቪል ከተማ አጠገብ ጥር 20 ቀን 2004 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ፣ ከአንድ ሰፊ ረግረጋማ ሜዳ የተነሣው የሰደድ እሳት ጢስ ከጉም ጋር ተቀላቅሎ አውራ ጎዳናውን ሸፈነው። መንገዱ ቀደም ሲል ተዘግቶ የነበረ ሲሆን፣ አየሩ የጠራ መስሎ በመታየቱ ተከፍቶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ጢሱ ተመልሶ ወረደ፤ አውቶሞቢሎችና ከባድ የጭነት መኪናዎች ተከታትለው ተጋጩ፤ 11 ሰዎችም ሞቱ። በሉዊዚያና ግዛትም ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ከረግረግ እሳት የወጣ ጢስ ከጠዋት ጉም ጋር ተዋሕዶ ከ150 በላይ ተሽከርካሪዎች ተጋጭተዋል።

እነዚህ አደጋዎች የደረሱት በሰፋፊ ጎዳናዎች ላይ ነው። በገጠር ግን መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ፣ መብራትም የሌለው በመሆኑ ችግሩ ይብሳል፤ ርዳታም በቶሎ አይደርስም።

ታዲያ ነጂ ምን ማድረግ ይገባዋል? ከሁሉ የሚሻለው ወደ ጢሱ አለመግባት፣ መመለስ ወይም ሌላ መንገድ መፈለግ ነው። ሳይታሰብ የገባ ሰው ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ይቀንስ፤ መስኮቱን ይዝጋ፤ አጭር መብራት ያብራ። ረጅም መብራት በጠብታዎቹ ላይ አርፎ ወደ ነጂው ዓይን ስለሚመለስ ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም። በመንገዱ መካከል መቆም ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ከኋላ የሚመጣው አያየውምና። መቆም ግድ ከሆነ መኪናውን ከአስፋልቱ አርቆ ማውጣት ያስፈልጋል።

የጠራ የሚመስል አየር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሊለወጥ እንደሚችል የፍሎሪዳው ሌሊት አስተምሯል። ጢሱ እስኪገፈፍ ጉዞውን ያዘገየ ሰው የሚያጣው ጊዜውን ብቻ ነው።