የማስታወቂያ ሰዓታት

ከደሴ ክፍላተ ከተማ አንዱ እስከ ዛሬ ሰኞ ገበያ ይባላል፤ ከኮምቦልቻ በስተ ምሥራቅ ያለችው ባቲም በዚያችው ዕለት ከቆላና ከደጋ የሚወርደውንና የሚወጣውን ሰው፣ ግመሉንና እህሉን ትሰበስባለች፤ የወሎ ነጋዴ ዕቃውን የሚዘረጋው ገዢ በሚመጣበት ዕለት እንጂ ባሻው ቀን አልነበረምና። ዛሬ ለአንባቢ የማስተዋውቀው የማስታወቂያ የጊዜ ሰሌዳ የሚባለው መሣሪያ ይህንኑ የቀደመ ሥርዓት ወደ ኢንተርኔት የሚያሻግር ነው።

በጉግል የፍለጋ ገጽ ላይ የሚወጣ ማስታወቂያ ስለ መታየቱ ሳይሆን ስለ መነካቱ ይከፈልበታል፤ ይኸውም አንድ መንገደኛ «ደሴ አልጋ» ብሎ ጽፎ ሲፈልግ፣ በቃሉ ላይ ዋጋ ያቀረቡ ሁሉ በቅጽበት ይጫረታሉ፣ ዋጋቸውና የማስታወቂያቸው ጥራት ተመዝኖ የበለጠው ከላይ ይወጣል፣ መንገደኛው በጣቱ ሲነካውም ሒሳብ ይቆረጣል። ይህን አከፋፈል እ.ኤ.አ. በ1998 ጎቱ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ጀመረው፤ ጉግልም በ2002 ተቀበለው። ባለቤቱ ካልከለከለው በቀር ማስታወቂያው መዓልትና ሌሊት ይወጣል፤ ሰሌዳ ሲሠራለት ግን ለእያንዳንዱ ዕለት እስከ 6 የሚደርሱ ክፍላተ ጊዜ መመደብ፣ መነሻና መድረሻቸውንም እስከ ሩብ ሰዓት ድረስ መቁረጥ ይቻላል፤ ከእነዚህ ውጭ ማስታወቂያው አይታይም፣ ገንዘብም አይወጣበትም።

ጥቅሙ በኮምቦልቻ ባለ አንድ ምግብ ቤት ይታይ። ቤቱ የጾም በያይነቱን የሚያስተዋውቀው ረቡዕና ዓርብ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ተሰዓት ቢሆን፣ በረመዳን ደግሞ የማፍጠሪያ ምግቡን ከመግሪብ አዛን ጥቂት ቀደም ብሎ ማስተዋወቅ ቢጀምር፣ በጥቂት ብር ብዙ እንግዳ ያገኛል፤ ሁለቱ ሃይማኖቶች ጎን ለጎን በሚኖሩበት በዚህ አገር የጎረቤቱን ጾም የማያውቅ ነጋዴ የለምና፣ ሰሌዳውን ለመሙላት የሚያስፈልገው እውቀት አስቀድሞ በእጁ አለ።

ትልቁ ዕንቅፋት ሰዓቱ ራሱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ጸሎቷን በነግህ ጀምራ በሠለስት፣ በቀትር፣ በተሰዓትና በሠርክ ስታደርስ የምትቆጥረው ከንጋት ነው፤ ሕዝቡም እንዲሁ ይቆጥራል፤ የጉግል ሰሌዳ ግን ቁጥሩን የሚጀምረው ከመንፈቀ ሌሊት ነው። በደሴ ፒያሳ ኩታና ጋቢ የሚሸጥ ሰው ሱቁን ከጠዋቱ 3 እስከ ማታ 11 ሰዓት ስለሚከፍት፣ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብሎ በጥዋቱ ክፍል 3፡00 እና 11፡00 ብሎ ቢሞላ፣ የሞላው ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ይሆንበታል፤ ደንበኛ ዋጋ በሚጠይቅበት ከሰዓት በኋላ ማስታወቂያው ተኝቶ፣ ሱቁ ተቆልፎ ባለበት በውድቅት ሌሊት ይወጣል። መድኃኒቱ 6 ሰዓት መጨመር ነው፤ መነሻው የጥዋት 9፡00፣ መድረሻውም የከሰዓት 5፡00 ይሆናል።

ሌላም ረቂቅ ነገር አለ፤ ሰሌዳው የሚከተለው አካውንቱ ሲከፈት የተመረጠውን ሰዓት እንጂ የፈላጊውን አገር ሰዓት አይደለም። በዋሽንግተን የሚኖር የወሎ ልጅ በበጋቸው ከሥራ ገብቶ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ስልኩን ሲከፍት በደሴ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ላገር ሰው ከንቱ ያልነው ያ ሰዓት ለእርሱ ምርጥ ነው፤ ለሁለቱም አንድ ሰሌዳ ማውጣት ግን እጅግ የተሳሳተ ነው፣ የማስታወቂያ ዘመቻው ለየአገሩ ለየብቻ ይሁን።

ይህን የምለው በተለይ የደሴን የአልጋ ባለቤቶች እያሰብሁ ነው፤ በመስከረም በአምባሰል ወዳለችው ግሸን ማርያም የሚሄዱት ምእመናን፣ ከባሕር ማዶ የሚመጡትም ጭምር፣ ብዙዎቹ በከተማችን ያልፋሉና። ሰሌዳው ሰኞንና ማክሰኞን ያውቃል እንጂ በዓልን አያውቅም፤ የበዓሉን ቀን ባለቤቱ ራሱ የዘመቻው መነሻና መድረሻ አድርጎ ይጻፍ። የግሸን በዓል የሚከበርበት መስከረም 21 በፈረንጆች ኦክቶበር 1 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግሥት ግን ኦክቶበር 2 ነው።