«ኧረ ሥራ የለኝም» የምትለው እናት

ዋጃ ላይ አንዲት እናት «ሥራ አለሽ ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቋት፣ «ኧረ የለኝም፣ ቤት ነው ያለሁት» ልትላችሁ ትችላለች። ይህን የምትላችሁ ግን ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ስትነቅል ውላ፣ ልጇን በአንቀልባ አዝላ ስትመለስ ሊሆን ይችላል። ቤት ደግሞ ውኃው፣ እንጨቱ፣ እንጀራው ይጠብቃታል።

እንዲህ ብላ የምታስበው እሷ ብቻ አይደለችም። ጂዲፒ የምንለው ቁጥርም እንደዚያው ነው። ሆቴል የተጋገረ እንጀራ ይቆጠራል፤ ቤት ተጋግሮ ልጆች የበሉት አይቆጠርም። ኢኮኖሚስቷ ማርጋሬት ሪድ እንደ ፈረንጆቹ በ1934 ባሳተመችው መጽሐፍ ቀላል መለኪያ አስቀምጣ ነበር፦ ገንዘብ ከፍለን ሌላ ሰው ልናሠራው የምንችለው ነገር ሁሉ ሥራ ነው። በዚህ ከሄድን ዋጃ ላይ ሥራ የሌላት እናት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

ሕጉስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለሠራተኛዋ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከነደመወዙ ይሰጣል። በበፊቱ አዋጅ ከወሊድ በኋላ የነበረው 60 ቀን ስለሆነ መሻሻል አለ። ለአባትየው ግን 3 ቀን! ገንፎው ሳያልቅ ሥራ ግባ ማለት እኮ ነው። (የመንግሥት ሠራተኛ ከሆነ በአዋጅ 1064/2010 መሠረት 10 ቀን ነበረው።) ልጅ ማሳደግ የማን ሥራ እንደሆነ ሕጉ ሳይናገር ተናግሯል።

የዋጃዋ እናት ግን ዛሬ ለአንዱ፣ ነገ ለሌላው የምትሠራ ናት። ፈቃድ ከማን ትጠይቅ?

የሚገርመው፣ ለእንደሷ ዓይነቷ የታሰበ ደንብ ያገኘሁት ሴፍቲኔት ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን ራያ ቆቦም ከታቀፉት ወረዳዎች አንዱ ነው። በአራተኛው ምዕራፍ መመሪያ መሠረት ነፍሰ ጡሯ ከእርከንና ከመንገድ ሥራ ወጥታ፣ ልጇ አንድ ዓመት እስኪሞላው ሳትሠራ ድጋፉን ታገኝ ነበር። የሴቶች የሥራ ድርሻም ከወንዶቹ ግማሽ ነበር። ልብ በሉ፣ ባንክ የምትሠራው ከወለደች በኋላ 90 ቀን፣ እርከን የምትሠራው አንድ ዓመት! መመሪያውን የጻፉት ሰዎች አንድ ነገር ገብቷቸዋል፤ የእናት ጊዜም እንደ ብር ያልቃል። ችግሩ ሴፍቲኔት የሚደርሰው ስሙ መዝገብ ላይ ለሰፈረ ብቻ መሆኑ ነው።

በ2023 የኢኮኖሚክስ ኖቤል የወሰደችው ክላውዲያ ጎልዲን፣ በሀብታም አገሮች የወንድና የሴት ገቢ በዋናነት የሚራራቀው የመጀመሪያው ልጅ ሲወለድ መሆኑን አሳይታለች። እኛ ጋ ነገሩ ትንሽ ይለያል። የዋጃዋ እናት ልጅ ስትወልድ ሥራ አታቆምም፣ ሥራ ትቀይራለች። ልጅ አጠገቧ ሊቀመጥበት የሚችለውን ትመርጣለች፤ ሻይ ማፍላት፣ መንገድ ዳር ቲማቲም መደርደር።

ሒሳቡን እንየው። ሽንኩርቷን ቆቦ ወስዳ ብትሸጥ የተሻለ ዋጋ ታገኛለች እንበል። ለዚያ ግን ልጁን የሚይዝላት ሰው ያስፈልጋል። አማት ካለች ጥሩ፤ ከሌለች ትልቋ ልጅ ከትምህርት ቤት ትቀራለች። ያም ካልሆነ እዚያው መንገድ ዳር፣ መኪና ላይ ሆኖ ዋጋ ለሚቆርጥ ነጋዴ በርካሽ ትሰጣለች። ያ የዋጋ ልዩነት ሌላ ስም የለውም፣ የሞግዚት ክፍያ ነው። በየገበያው ቀን ትከፍለዋለች፣ ሞግዚት ግን የላትም።

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲኖራቸው የሚያዝ አዋጅ ወጥቶ ነበር፣ 1064/2010። ቢሮ ውስጥ ላለችው ከታሰበ፣ ገበያ ስንሠራ ከመጋዘኑና ከሚዛኑ ጎን አንዲት ጥላ ያላት ክፍል መጨመር ምን ያህል ይከብዳል? ሞግዚቷን እናቶቹ ራሳቸው እያዋጡ ሊከፍሏት ይችላሉ፤ አሁንም እየከፈሉ ነውና።