ትንሹ አውሮፕላንና መስቀል አደባባይ

በሬዲዮ የሚመራ ትንሽ አውሮፕላን ለማብረር ከካዛንቺስ ወርዶ መስቀል አደባባይን የሚመኝ ተማሪ አይጠፋም። ምኞቱ ግን አደጋ አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ስለምትል፣ አየርዋ በባሕር ጠረፍ ካለው አየር በአምስት እጅ አንድ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ከመቶ 12 ያህል የበለጠ መፍጠን ግድ ይሆንበታል፤ ሰው ቢመታ የምቱ ጉልበት ከመቶ 25 ያህል ይጨምራል።

እንግዲያው ተመልካች ከአብራሪው ኋላ ይቁም፤ አውሮፕላኑም ከሰው ራስ በላይ አይለፍ። ከመነሣቱ በፊት ሬዲዮው ራቅ ተብሎ ይፈተን፤ ግንኙነቱ ቢቋረጥ ሞተሩ በራሱ እንዲጠፋ ይሰናዳ።

መንገደኛ በማይለየው አደባባይ ግን ይህን ሁሉ መጠበቅ አይቻልም፤ የቦሌም አውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ ነው። ስለዚህ ፈቃድ የተገኘበት፣ ከሰውም ከማረፊያውም የራቀ ሜዳ እንፈልግ። ጨዋታው የእኛ ነው፤ የሚፈነከተው ራስ ግን የሌላ ሰው ነው።