ያውቁ ኖሯል?
በቡታጅራ ቤቶች ግድግዳ ላይ ካለው ሶኬት የሚወጣው ኃይል፣ እንደ መላው ኢትዮጵያ ሁሉ፣ 220 ቮልት ሲሆን፣ በእጅ ስልክ ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ ግን ከ4 ቮልት ብዙም የማይርቅ ኃይል ብቻ የሚሻ ስለሆነ፣ በሁለቱ መካከል ቆሞ ጽኑውን ኃይል አለዝቦ የሚያቀብለው ትንሹ ቻርጀር የሰውንም የቤትንም ደኅንነት የተሸከመ መሣሪያ ነው። ጽኑውን መስመር ከደካማው የሚለየው መከላከያ በውስጡ የጎደለ እንደ ሆነ፣ 220ው ቮልት በገመዱ አልፎ እስከ እጅ ሊደርስ ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1991 በጃፓን ለገበያ የቀረበው፣ ሊቃውንቱም በ2019 የኖቤልን ሽልማት የተቀዳጁበት ይህ ባትሪ በባሕርዩ ብርቱ ሙቀትን የማይታገሥ ነውና፣ ከትራስ ሥር ሆኖ ሲሞላ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ይታመቃል፤ መጠኑን ባለፈ ጊዜም በውስጡ ያለው ፈሳሽ ወደ ተቀጣጣይ ጋዝነት ይለወጣል። ይልቁንም የሣር ክዳን ባለው ጎጆ ለሚያድር ቤተ ሰብ ይህ እጅግ የሚያስፈራ ነገር ስለሆነ፣ ስልኩ ከሣርና ከመኝታ ርቆ በሸክላ ወይም በሲሚንቶ ላይ ተቀምጦ ቢሞላ ይመረጣል። ባትሪው ያበጠ ስልክ ፈጽሞ አይሞላም፤ አይበሳምም። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቮልቱ ከልኩ ሊዘል ስለሚችል፣ እንደ ጠፋ ቻርጀሩን ነቅሎ፣ ከተመለሰም በኋላ እስኪረጋ ድረስ መታገሥ ይገባል።